ከቪዲዮው የተቆረጠው ድምፅ

አንድ እምቢልታ ነፊ ነበር። ስሙ እንዳላማው ይባላል። ስሙን ገና ከደጃፉ የምነግራችሁ ያለ ነገር አይደለም፤ የዚህ ሰው ጣጣ ሁሉ የመጣው በስሙ በኩል ስለሆነ ነው።

እንግዲህ እምቢልታን የማያውቅ ቢኖር አንድ ነገር ልበል። ዋሽንት የጣት ቀዳዳ አለው፤ ባለቤቱ ይዞት ወንዝ ዳር ቢቀመጥ ብቻውን ሊያለቅስበትም ሊጫወትበትም ይችላል። እምቢልታ ላይ ይህ የለም። ረጅም የቀርከሃ ቧንቧ ነው፤ የጣት ቀዳዳ የለውም፤ ያለው ድምፅ አንድ ነው፣ ቢበዛ ቢበዛ ሁለት። ስለዚህ ሦስት ሰዎች ሦስት እምቢልታ ይዘው ጎን ለጎን ይቆማሉ፤ ረጅም፣ መካከለኛና አጭር። አንዱ ነፍቶ ሲተው ሌላው ይቀበለዋል፤ እሱ ሲተው ሦስተኛው ይቀበላል። ዜማው የሚገኘው በዚህ መቀባበል ነው። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ የቀሩት ሁለቱ እንደ ወላቃ ጥርስ ይሆናሉ።

እንዳላማው የመካከለኛው ነፊ ነው። ረጅሙን የሚነፉት ጋሽ ቢያድግልኝ የሚባሉ፣ ጢማቸው የሸበተ፣ ቃል የሚቆጥቡ ሽማግሌ ናቸው። አጭሩን የሚነፋው ደግሞ ጥጋቡ ነው፤ ሳይቀልድ ከዋለ የሚያመው የሚመስል ሰው። ሦስቱ አንድ ድርጅት ነበራቸው፤ “ሦስት ትንፋሽ የእምቢልታ ቤት” ይባላል። የቤቱ አባወራ ጋሽ ቢያድግልኝ ናቸው። ሰርግ ሲኖር፣ ልጅ ከትምህርት ሲመረቅ፣ አዲስ ሕንፃ ሲከፈት ይጠራሉ። አንድ ዓይነት ካባ ደርበው ይቆማሉ፤ ነፍተው፣ ምርቃት ተቀብለው ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ።

የእምቢልታ ሰዎች አንድ ልማድ አላቸው። ሲነፉ ዐይናቸው ታዳሚው ላይ አይደለም፤ ጓደኛቸው ደረት ላይ ነው። የማን ትንፋሽ እንደሞላ፣ የማን እንዳለቀ የሚታወቀው ደረት ታይቶ ነው። ከሦስቱ አንዱን ትንፋሽ ካጠረው ሁለቱ አያቆሙም፤ የእሱን ቦታ ክፍት እየተዉ ያንኑ ዙር እየደጋገሙ ይጠብቁታል። ትንፋሹ ሲመለስ በቦታው ይገባል። እንዳላማው ከልጅነቱ ጀምሮ ደረቱ ብርድ አይወድም ነበርና አብዛኛውን ጊዜ የሚጠበቀው እሱ ነው።

ዘመኑ ሲመጣ ቤቱም እንደ ወጉ በማኅበራዊ ሚዲያ ላይ ገጽ ከፈተ። ጋሽ ቢያድግልኝ ግን ሕግ አወጡ፤ በገጹ ላይ የማንም ስም አይጻፍም፣ የማንም ፊት ጎልቶ አይወጣም። የገጹ ፎቶ የተጣመሩ ሦስት እምቢልታዎች ሥዕል ነው። ቪዲዮው የሚቀረፀው ከሩቅ ነው፤ ከሥሩ የሚጻፈውም ያው “ሦስት ትንፋሽ አቀረበላችሁ” የሚል ነው። ለምን ሲባሉ፣ “እምቢልታ የሚሰማ ሰው የነፊውን አፍንጫ ማየት ምን ያደርግለታል?” ይላሉ። ሰው ይስቃል፤ ነገሩም በዚያው ያልፋል።

እንዳላማው ግን ውስጥ ውስጡን ይከፋው ነበር። ከሩቅ አገር የመጣ፣ በከተማው ዘመድ የሌለው፣ በአንዲት የኪራይ ክፍል ብቻውን የሚኖር ሰው ነው። ስንት ሰርግ አድምቆ ሲወጣ ሰው የሚጠራው “አንተ እምቢልታ” ብሎ ነው። “አንተ እምቢልታ፣ እስቲ ወዲህ ጠጋ በል።” “አንተ እምቢልታ፣ ምሳ ከበስተጀርባ ነው።” አንድ ቀን ገበያ መሐል ያለፈው ሳምንት ሙሽራ ከሚስቱ ጋር ሲመጣ አየና ደስ ብሎት ጠጋ አለ።

“እንዴት ነህ ወንድሜ፤ እኔ እኮ ሰርግህ ላይ የነፋሁት ነኝ” አለው።

ሙሽራው ትንሽ አሰበና ፊቱ በራ። “አሃ፣ እምቢልታዎቹ! ደህና ናችሁ?” አለና ሳይቆም አለፈ።

እንዳላማው ብቻውን ቆሞ ነበር። ግራና ቀኙን አየ፤ ሌላ ሰው የለም። ለአንድ ሰው የቀረበ ሰላምታ ለሦስት ተካፍሎ ለእሱ የደረሰው ምን ያህሉ እንደሆነ እንጃ፤ የዚያን ቀን ምሳውን ሳይበላ ዋለ።

በማግሥቱ ልምምድ ላይ ነገሩን አነሳው። “ጋሼ፣ በገጹ ላይ ስማችንን ብንጽፍ ምን ይመስልዎታል? ማን ምን እንደሚነፋ ሰው ቢያውቀው።”

“ስም የቤቱ ነው ልጄ” አሉ ጋሽ ቢያድግልኝ። “ዛሬ ያንተን ስም ብጽፍ ነገ ጥጋቡ ፎቶዬ ይውጣልኝ ይላል።”

“እኔን ተዉኝ” አለ ጥጋቡ፤ “የእኔ ፎቶ የወጣ ዕለት ሰርግ የሚባል ነገር ከአገሩ ይጠፋል።”

ሁለቱ ሳቁ። እንዳላማው አልሳቀም። ሽማግሌው አለመሳቁን አይተዋል፤ ነገር ግን ቃል ቆጣቢ ናቸውና ዝም አሉ። አንዳንድ ዝምታ ጥበብ ይመስላል እንጂ ስንፍና ነው፤ ያቺ ዝምታ ዋጋ አስከፍላለች፣ ወደፊት ታዩታላችሁ።

እንዳላማው የራሱን ገጽ ከፈተ። ስሙንም “እንዳላማው እምቢልታ” አለው። ለልምምድ ሲሰበሰቡ ስልኩን ግድግዳው ጠርዝ ላይ ደገፍ ያደርግና ወደ ራሱ ብቻ ያዞረዋል። በምስሉ የሚታየው እንዳላማው ነው፤ ካባው፣ ያበጠ ጉንጩ፣ ወደ ጎን የዞረ ዐይኑ። ድምፁ ግን የሦስቱም ነው፤ ድምፅን ማን ከፍሬም ውጭ ያስቀራል? ከዚያ ማታ ቤቱ ሲገባ ቪዲዮውን ያስተካክለዋል። ከመጀመሪያውና ከመጨረሻው ያለውን የጋሽ ቢያድግልኝን ወሬ፣ የጥጋቡን ሳቅ፣ “በል ጀምር” “ደህና ነህ?” የሚለውን ሁሉ እየቆረጠ ይጥላል። ንጹሕ ዜማ ብቻ ያስቀራል።

ሰው ወደደው። መጀመሪያ ጥቂት፣ በኋላ ብዙ፣ በኋላማ ወንዝ ሆነ። “እንዳላማው አንደኛ” ይሉታል። “እንዳላማው የአገር ቅርስ” ይሉታል። ስሙ በማያውቃቸው ሰዎች እጅ ተጽፎ ሲያይ ደረቱ ይሞቀዋል። ከዕለታት አንድ ቀን አንዲት ሴት ከቪዲዮው ሥር “ይህን ሁሉ ዜማ ብቻህን ነው የምትነፋው?” ብላ ጠየቀችው። እንዳላማው ውሸት መጻፍ አልወደደም፤ እውነቱን መጻፍም አልወደደም። የልብ ምልክት ብቻ ላከላት። ሴትዮዋም “ጉድ ነው” ብላ ለጓደኞቿ አጋራችው።

ብዙም ሳይቆይ እምቢልታ ፈላጊዎች ወደ ሦስት ትንፋሽ ሲመጡ ሌላ ዓይነት ጥያቄ ይዘው መምጣት ጀመሩ። አንድ ሰርገኛ ጋሽ ቢያድግልኝ ፊት ቆሞ፣ “እኛ የምንፈልገው እንዳላማውን ነው፤ ሌሎቹ ግዴታ ናቸው?” አለ። ሽማግሌው ሰውየውን ሸኝተው ተመለሱና እንዳላማውን ጠሩት።

“ልጄ፣ እምቢልታ ሦስት መሆኑን ለሰዎቹ ነግረሃቸዋል?”

“ጋሼ፣ ጊዜው ተለውጧል። ሰው የሚከተለው ሰውን ነው፤ የእንጨት ሥዕል ማንም አይከተልም። በእርስዎ ገጽ ላይ ስንት ዓመት ስነፋ አንድ ሰው ስሜን አላወቀም።”

እውነቱን ነው። ልጁ ያጠፋ ቢሆንም ይህን ያለው ከእውነት ነው፤ እኔም አልክድበትም። ጋሽ ቢያድግልኝም ልባቸው ያውቀዋል፤ ግን ለሽማግሌ ተሸነፍኩ ማለት ከባድ ነው።

“እንግዲያው ምን ይሻልሃል?” አሉት።

“በራሴ ስም ልሥራ።”

ሽማግሌው መካከለኛውን እምቢልታ ከማረፊያው አንስተው ሰጡት። “ውሰደው” አሉ፤ “እኛ ዘንድ ቢቀር ማን ይነፋዋል።”

ጥጋቡ በሩ ድረስ ሸኘው። ሊቀልድ አፉን ከፈተና ቀልዱ አልመጣለት አለ። “አሁን ቆሜ ስነፋ የማንን ደረት ነው የማየው?” ብቻ አለው።

እንዳላማው ክፍሉ ገብቶ ለመጀመሪያ ጊዜ እምቢልታውን ለብቻው ነፋው። አንድ ድምፅ ወጣ። ደግሞ ነፋው፤ ያው ድምፅ ወጣ። በአንድ ድምፅ ቪዲዮ አይሠራ ነገር። ጭንቅ ውስጥ ገብቶ ስልኩን ሲበረብር አንድ የቆየ ቅጂ አገኘ። አንድ የብርድ ቀን ልምምድ ላይ ሳል ይዞት ጥግ ላይ ተቀምጦ ሳለ፣ ሳያጠፋው የቀረ ስልክ የቀዳው ነው። በቅጂው ውስጥ ጋሽ ቢያድግልኝና ጥጋቡ የእሱን ቦታ ክፍት እየተዉ አንዱን ዙር ይደጋግማሉ። ረጅሙ ይነፋል፤ ባዶ ቦታ ይመጣል፤ አጭሩ ይነፋል። ለረጅም ጊዜ እንዲሁ ይቀጥላል። እንዳላማው ደስ አለው። ከመነሻው ያለውን ወሬ እንደ ልማዱ ቆረጠ፤ ድምፅ ማጉያ ገዝቶ ከመጋረጃ ጀርባ አስቀመጠ፤ ቅጂውን ለቀቀና በባዶው ቦታ እየገባ መንፋት ጀመረ። የቅጂውን መጨረሻ ግን ሰምቶት አያውቅም፤ ቪዲዮ አጭር ነውና እስከዚያ የሚያደርሰው ጉዳይ አልነበረም።

እንዲህ ሆኖ ኖረ። ተከታዩ እየበዛ ሄደ። ብቻ አንድ ነገር ነበር፤ ሲነፋ ዐይኑን የሚያሳርፍበት አጣ። ከልማድ ወደ ግራው ዞር ይላል፤ ግድግዳ ነው። ወደ ቀኙ ዞር ይላል፤ መጋረጃ ነው። ስለዚህ ዐይኑን ጨፍኖ ይነፋል፤ ተከታዮቹም “እንዴት ያለ ስሜት ነው” ይሉታል። ራቱን ሲበላ ስልኩን ሰሃኑ ፊት አቁሞ አስተያየት ያነባል። በሰው ስልክ ሁሉ ውስጥ አለ፤ በሰው ቤት ግን የትም የለም። አከራይዋ እንኳ “የጓሮው ልጅ” ነው የምትለው።

አንድ ጊዜ ደረቱ ክፉኛ ታመመ። አልጋው ላይ ሆኖ “አሞኛል፣ በጸሎት አስቡኝ” ብሎ ጻፈ። “እግዚአብሔር ይማርህ” የሚለው ቃል እንደ ዶፍ ዘነበ። እያነበበ ሳለ ውሃ ጠማው፤ እንስራው ጥግ ላይ ነው፤ መነሳት አቃተው። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይህች ናት። ድሮ ሲታመም ጥጋቡ እየተነጫነጨ ሾርባ ይዞ ይመጣ ነበር፤ “ጨው የበዛው ሆን ብዬ ነው፤ ቶሎ እንድትድን” ይለው ነበር። አሁን በሩን የሚያንኳኳ የለም። እንዳላማው ወደ ግድግዳው ዞሮ አለቀሰ፤ ይህን ግን በገጹ አልጻፈም።

ከዚያ ትልቁ ጥሪ መጣ። አንድ ባለጸጋ ነጋዴ አዲስ ሆቴል ሊያስመርቅ ነው። ዝግጅቱ በግቢው ሣር ላይ፣ ፀሐይ ዘንበል ስትል፣ የከተማው ሹም ሁሉ ባለበት ይሆናል። እንዳላማው ሲደርስ መግቢያው ላይ ፊቱ ከሰው ቁመት በላይ ተሥሎ ተሰቅሏል። ከሥሩ ስሙ በትልልቅ ፊደል ተጽፏል። ቆሞ አየው፤ የተመኘው ይህ ነበር። “እይልኝ” የሚለው ሰው ግን አጠገቡ አልነበረም። በስልኩ ፎቶ አነሳውና ወደ መድረኩ ሄደ።

ቅጂውን ለድምፅ ሠራተኛው ሰጠው። “ይህን ከጀርባ ልቀቅልኝ፤ እኔ ከላዩ እነፋለሁ” አለው። ስሙ ተጠራ፣ ሕዝቡ አጨበጨበ፣ ረጅሙ እምቢልታ ከትልልቆቹ ድምፅ ማጉያዎች ወጣ። እንዳላማው በቦታው ገባ። አጭሩ ተቀበለው። ዜማው ግቢውን ሞላው፤ ሰው ስልኩን እያወጣ ወደ ላይ ያነሳ ጀመር።

ነገር ግን ቪዲዮ አጭር ነው፣ መድረክ ረጅም ነው። ማምሻውም ነፋሻማ ነበር። ከጥቂት ጊዜ በኋላ እንዳላማው ደረቱ ሲጨመደድ ተሰማው። ከልማዱ የተነሳ ወደ ጎን ዞረ፤ ትንፋሹ ማለቁን የሚያይለት ሰው ፈለገ። ያገኘው ጥቁር ድምፅ ማጉያ ነው፤ ድምፅ ማጉያ ደረት የለውም። አንድ ዙር አመለጠው። ሊገባ ሞከረ፤ ሳሉ ቀደመው። እምቢልታውን ከአፉ አውርዶ፣ ጎንበስ ብሎ ቀረ።

ከማጉያው ግን ዜማው አልቆመም። ረጅሙ ይነፋል፤ ባዶ ቦታ፤ አጭሩ ይነፋል። ረጅሙ፤ ባዶ ቦታ፤ አጭሩ። ከሕዝቡ አንዳንዱ የትርዒቱ አካል መስሎት ይጠብቃል። ያኔ ነው ቅጂው እንዳላማው ሰምቶት ወደማያውቀው ቦታ የደረሰው። ረጅሙ እምቢልታ ተራውን ዘለለና በምትኩ የአንድ ሽማግሌ ድምፅ፣ ቀስ ያለ፣ ለአንድ ሰው ብቻ የተባለ ድምፅ፣ ግቢውን ሞላው።

“አይዞህ እንዳላማው። ቦታህ ባዶ ነው። ትንፋሽህ ሲመለስ ግባ።”

ከዚያ ደግሞ የጥጋቡ ድምፅ መጣ፤ “ጋሼ፣ ከንፈሬ እኮ አለቀ።”

“ዝም ብለህ ንፋ። እንዳላማው እስኪመጣ ነው።”

እምቢልታዎቹም ቀጠሉ፤ ረጅሙ፣ ባዶው ቦታ፣ አጭሩ።

ሰዉ ተንሾካሾከ። ሹሞቹ እርስ በርስ ተያዩ። ባለጸጋው ወደ መድረኩ ቀርቦ፣ “እነዚህ እነማን ናቸው? አንተ ብቻህን የምትነፋ አይደለህም እንዴ?” አለው።

እንዳላማው ቀና አለ። “አይደለሁም ጌታዬ” አለ። “የሚጠብቁኝ ሰዎች ናቸው።” ከዚያም እምቢልታውን ይዞ፣ ማጉያው ስሙን የሚጠሩትን ሰዎች ዜማ እየለቀቀ፣ በራሱ ትልቅ ሥዕል ሥር አልፎ ወጣ።

ወሬው አንድ ሰሞን ተናፈሰ። የሳቀም ነበር፣ ያዘነም ነበር። ቀጥሎ ሌላ ወሬ መጣና ይህኛውን ውሃ በላው። እንዳላማው ክፍሉ ተቀምጦ የቆረጣቸውን ወሬዎች ሁሉ በስልኩ ከቀሩት ያልተነኩ ቅጂዎች እየፈለገ ሰማ። “እንዳላማው፣ ካባህን ደርብ፤ ብርድ ነው።” “እንዳላማው ዛሬ አሳምሮ ነፋ።” “ኧረ እንዳላማው በላ ወይ?” ስሙ የሌለበት አንድ ቅጂ አልነበረም። ስሜን የሚያውቅ የለም እያለ ሲያለቅስ በኖረበት ዘመን ሁሉ ስሙ ሲጠራ ኖሯል። እሱ ደግሞ ቪዲዮው እንዳይበላሽ እየቆረጠ ሲጥለው ኖሯል።

በማግሥቱ እግሩ ወደ ሦስት ትንፋሽ ወሰደው። የበሩ ሰሌዳ በፀሐይ ደብዝዟል። አጥሩ ጋ ሲደርስ ድምፅ ሰማ፤ አንድ ወፍራም ድምፅ፣ የረጅሙ እምቢልታ። ይነፋል፤ ይተዋል። ሁለት ሰው የሚነፋበት ያህል ዝም ይላል። ደግሞ ይነፋል። በአጥሩ ስንጥቅ አየ፤ ጋሽ ቢያድግልኝ ግቢያቸው ውስጥ ብቻቸውን ቆመዋል፤ ካባቸውን ደርበዋል፤ የሁለቱን ቦታ ክፍት እየተዉ ይነፋሉ።

እንዳላማው ለመግባት አፈረ።  እዚያው አጥሩ ሥር ቆሞ እምቢልታውን አነሳና ረጅሙ ሲተው በቦታው ገባ። ሽማግሌው አልዞሩም፤ አላቆሙምም። የአጭሩ ጊዜ ሲደርስ ሁለቱም ዝም አሉ፤ ማንም አልገባም። ረጅሙ እንደገና ነፋ፣ መካከለኛው ተቀበለ፣ ሦስተኛው ቦታ ዝም አለ። ሽማግሌው እስኪደክማቸው እንዲሁ ነፉ።

“ግባ፣ በሩ ክፍት ነው” አሉ በመጨረሻ።

ገባ። “ጥጋቡስ?” አለ።

“ሄደ። ሁለት ሆነን ጥቂት ታገልን፤ ጠሪውም ጠፋ። ሌላ ከተማ ባጃጅ ይነዳል ይላሉ። ስልኩንም ቀይሮታል።” ሽማግሌው ተቀመጡና መሬት መሬት አዩ። “እኔም አጥፍቻለሁ ልጄ። ስምህን ገጹ ላይ ብጽፈው የእምቢልታው ድምፅ አይቀንስም ነበር። እኛ በቤት ስንጠራህ የሚበቃህ መሰለኝ። ሰው አደባባይም መጠራት እንደሚሻ እያወቅሁ ዝም አልኩ።”

“እኔ ደግሞ ጋሼ፣ እናንተን ከምስሉ ሳወጣ የምገዝፍ መስሎኝ ነበር” አለ እንዳላማው፤ እንባው መጣ።

የዚያን ዕለት ስልኩን ግድግዳው ላይ አቆሙት። እንዳላማው ወደ ኋላ እየሳበ፣ እየሳበ፣ ግቢው በሙሉ እስኪታይ ድረስ አራቀው። ጋሽ ቢያድግልኝ በቦታቸው ቆሙ፤ እንዳላማው በቦታው ቆመ፤ ከጎኑ አንድ ሰው የሚቆምበት ክፍት መሬት ተዉ። ነፉ። የሳሉም፣ የወሬውም፣ የዝምታውም ድምፅ አልተቆረጠም። በቤቱ ገጽ ላይ ለጠፉትና ከሥሩ እንዲህ ተጻፈ፤ “ሦስት ትንፋሽ። ረጅሙ፣ ቢያድግልኝ። መካከለኛው፣ እንዳላማው። አጭሩ፣ ጥጋቡ። ጥጋቡ፣ ቦታህ ባዶ ነው፤ ትንፋሽህ ሲመለስ ግባ።”

ያየው ሰው ጥቂት ነው። ጥጋቡ ይየው አይየው እስከዛሬ አልታወቀም። ሁለቱ ግን በየቀኑ ማምሻውን ይነፋሉ፤ አጥር ጥግ ኮሽ ባለ ቁጥር ሁለቱም ዞር ይላሉ።

ወዳጆቼ፣ ነገሩ ይኸው ነው። ቤት ያላችሁ፣ ድርጅት ያላችሁ፣ የቤታችሁን ስም ስትተክሉ የሠራተኞቻችሁን ስም መሠረት ውስጥ አትቅበሩ። በጓዳ የምትጠሩትን ሰው አደባባይም ጥሩት፤ ስሙን የነፈጋችሁት ሰው አንድ ቀን ስሙን ፍለጋ ይወጣል፤ ሲወጣም ዜማችሁን አጉድሎ ነው። ስም ያላችሁ፣ ወይም ስም የምትፈልጉ፣ መታወቅ ነውር የለውም፤ መልካም ስም ከመቃብር በላይ ይውላል። ነገር ግን ስልካችሁን ወደ ራሳችሁ ስታዞሩ ከጠርዙ የቀረው ማን እንደሆነ እዩ። እልፍ ሰው ስማችሁን ሊጽፈው ይችላል። ትንፋሽ ሲያጥራችሁ ቦታችሁን ክፍት አድርጎ የሚጠብቃችሁ ግን ሁለትም ቢሆን፣ አንድም ቢሆን ያው ጥቂት ሰው ነው።

እስቲ ዛሬ ራሳችሁን ጠይቁ፤ ምስሉ እንዲያምር ብላችሁ ከጎናችሁ የቆረጣችሁት ማንን ነው? እሱስ እስከ መቼ ይጠብቃል?